«እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ»

ባለፈው አርብ ከጸሎት በኋላ ስለ ምኞትና ስለ ቤተሰብ የተናገርኩትን ላልመጡት ጻፊላቸው ተብዬ ነው። እዚህ አቡ ሐሊፋም ሆነ መሕቡላና ፊንጣስ፣ አርብ የማትለቀቁና ይህችን ወረቀት በጓደኛ እጅ የምታገኙ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

የማወራው ስለ ኳስ ተጫዋች ነው። አትሳቁ። ኳስ የወንድ ነገር ነው የምትል ካለችም፣ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታና አሜሪካ ድረስ ሄዳ በኳስ እንጀራ በልታለች፤ ስለ እሷ ሌላ ቀን እናወራለን። የዛሬው ሰው ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የበላችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዚያ ቡድን አምበል እሱ ነበር። በስተርጅናው ሕይወቱን በጣሊያንኛ ጽፎ መጽሐፍ አድርጎታል። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ይህ ርዕስ ነው። ዋንጫ ያነሳ ሰው ስለ ዋንጫው ወይም ስለ ጎሎቹ ርዕስ ማውጣት ይችል ነበር። እሱ ግን ለእናቱ የሰጠውን ገንዘብ አስቀደመ። ሐዋላ ቤት ተሰልፋ የመላኪያውን ቁጥር ለእናቷ በስልክ ያነበበች ሁሉ ይህ ርዕስ ሳይተረጎምላት ይገባታል።

የተወለደው በነሐሴ 1935 አስመራ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እዚህ የለመድነው እሱን ስለሆነ)። ኤርትራ ያኔ በጣሊያን እጅ ነበረች። አባቱ የጣሊያን ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። አባትየው አብሮ አልቆየም፤ ያሳደገችው እናቱ ናት። በዚያ ላይ ጣሊያን በ1940 ባወጣችው ሕግ፣ ነጭ አባት ከጥቁር ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። እንደ ሉቺያኖ ያሉ ልጆች «ክልስ» እየተባሉ፣ ለነጩም ለጥቁሩም ባዳ ሆነው አደጉ።

ልጁ ሁለት ነገር ያዘ፤ ኳስና የመካኒክነት ሙያ። በወጣትነቱ በአስመራ ባቡር ሥራ ቤት መካኒክ ነበር። በዚያን ዘመን በኳስ ብቻ ቤተሰብ ማስተዳደር የሚታሰብ አይደለም። በኋላ ድሬዳዋ ሄዶ ሕዝቡ «ኮተን» ለሚለው ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተጫወተ። ለብሔራዊ ቡድንም ብዙ ዓመት ተሰልፎ፣ ከመቶ ጨዋታ በላይ አድርጓል ይባላል።

አሁን ወደዚያች ቀን እንምጣ። ጥር 21 ቀን 1962፣ በእኛ ጥር 13 ቀን 1954፣ ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀን ብቻ ሆኖታል። አዲስ አበባ ስታዲየም ንጉሡ ተቀምጠዋል። የፍጻሜው ተጋጣሚ ግብፅ ናት። ግብፅ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ዋንጫዎች በሙሉ የወሰደች ናት፤ በ1957 ፍጻሜ ላይ እኛን 4 ለ 0 አሸንፋ ሄዳለች። በዚህም ቀን መጀመሪያ ያገባችው እሷ ናት። ደቂቃው 74 ላይ ሲደርስ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ምን እንደሆነ አስቡት። ደስታው አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ በ75ኛው ደቂቃ ግብፅ እንደገና አገባች።

እህቶቼ፣ እዚህች ደቂቃ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ዕዳዬን ጨረስኩ፣ አሁን ለራሴ እይዛለሁ ስትዪ ከቤት የሚደወለውን ስልክ ታውቂዋለሽ። «አባትሽ ታመመ።» «ቤቱ ፈረሰ።» ያ 75ኛው ደቂቃ ነው። እምነት የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ለጸሎት ሰዓት ብቻ እናውለዋለን። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ ኳሱን ከመረቡ አውጥቶ መሐል ሜዳ ላይ ማስቀመጥም እምነት ይመስለኛል።

በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ራሱ አገባ፤ 2 ለ 2። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው ያ «ክልስ» የተባለው ልጅ ነው። ስሙን ወደ ሐበሻ ስም እንዲለውጥ ግፊት እንደነበረበት ይነገራል። አልለወጠውም። ማዳሟ «ስምሽ ይከብደኛል» ብላ ሌላ ስም ያወጣችላት እህት እዚህ መሐላችን ስንት አለች?

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለእኛ ብዙም አይጠቅመንም ነበር። ደርግ መጣ፤ ቀይ ሽብር ሆነ። በ1978 ሉቺያኖ አገር ጥሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ፤ ጣሊያን ደርሶ ሮም አጠገብ ኖረ። አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ዋንጫው፣ ጭብጨባው፣ አምበልነቱ ድንበር አልተሻገረም። የተሻገረው በልጅነቱ የተማረው ሙያ ነው። የመኪና ጋራዥ ከፍቶ እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ፤ ልጆችንም ኳስ አስተማረ። በመስከረም 2022፣ በ87 ዓመቱ እዚያው አረፈ።

እኔ ከዚህ ሰው ሕይወት የማነሣው አንድ ነገር ነው። ለእናቱ ይሰጥ ነበር፤ ግን የራሱንም ሙያ አልጣለም። እኛ ዘንድ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አጋድሏል። ሕጉ ያስቀመጠው ትንሹ ደመወዝ 60 ዲናር ነው፤ ከእሱ 55ቱን የምትልክ እህት አውቃለሁ። ለወንድም ትምህርት፣ ለቤት ቆርቆሮ፣ ለሠርግ። «አንቺስ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ስላት መልስ አጣች። ይህን ስል ለእናት አትላኩ ማለቴ አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብላ እንዳታወራብኝ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ወይም ድንገት ግቢ ሲባል በእጅ ምን ይቀራል ነው ጥያቄዬ።

አርብ ዕለት አንዷ ተነስታ «ጊዜውን ከየት አመጣዋለሁ? ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ቆሜ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሕጉ ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት አይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይኑር ቢልም፣ የሁላችንም ቤት እንደዚያ አይደለም። የዕረፍት ቀን የሌላት እህት ከልጆቹ ደብተር ሥር የአረብኛ ፊደል መቁጠር ትችላለች፤ እኔ ማንበብ የጀመርኩት እንደዚያ ነው፣ ልጆቹ እየሳቁብኝ። ያላችሁ ደግሞ አርብን እንካፈል። ከመካከላችን ልብስ ስፌት የምታውቅ አለች፤ ሹሩባና የፀጉር ሥራ የምታውቁ ሁለት ናችሁ፤ አገር ቤት ኬክ ትሸጥ የነበረችም አለች። ለማስተማር ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ከአርብ በፊት ንገሩኝ። የስፌት መኪና የምታዋስ ካለችም መርፌና ክሩን እኔ እችላለሁ።