ከመንበረ ጴጥሮስ የወጣ ይቅርታ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1975 በቫቲካን ሲስቲን ጸሎት ቤት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ፣ የቁስጥንጥንያውን ፓትርያርክ ወክለው በመጡት በኬልቄዶኑ ሜትሮፖሊታን ሜሊቶን ፊት ተንበርክከው እግራቸውን ሳሙ። የነገሩ ክብደት የሚገባን ወደ 1438 መለስ ስንል ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ምሥራቁንና ምዕራቡን ለማስታረቅ ወደ ፌራራ የመጡት የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዮሴፍ 2ኛ፣ የጳጳሱን እግር ይሳሙ ተብለው እምቢ ብለዋል። ጉባኤው ወደ ፍሎረንስ ተዛውሮ በ1439 የአንድነት ሰነድ ቢፈረምም፣ የምሥራቁ መነኮሳትና ሕዝብ አልተቀበሉትምና ስምምነቱ አልጸናም። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እግር የሳሙት የሮሙ ጳጳስ ሆኑ።

እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ የሮም ጳጳስ የጴጥሮስ ተተኪ መሆናቸውን አምናለሁ። ይህ ሥልጣን በሌሎች ክርስቲያኖች ዘንድ የሚታመነው ግን ይቅርታ ለመጠየቅ የቀደመ እንደሆነ ነው ብዬም አምናለሁ።

ለምሥራቁና ለምዕራቡ መለያየት ምልክት ሆኖ የሚጠቀሰው 1054 ነው። በጁላይ 16 ቀን የጳጳሱ መልእክተኛ ካርዲናል ሁምበርት፣ ፓትርያርክ ሚካኤል ኬሩላርዮስን የሚያወግዝ ደብዳቤ በሐጊያ ሶፊያ መሠዊያ ላይ አስቀምጠው ወጡ። የላኳቸው ጳጳስ ሊዮ 9ኛ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ዐርፈው ነበር። ፓትርያርኩም መልእክተኞቹን መልሰው አወገዙ። ሁለቱም ውግዘቶች በተወሰኑ ሰዎች ላይ የተጣሉ እንጂ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ አልነበሩም። ቁስሉን ያመረቀዘው ሌላ ነው፤ በ1204 የአራተኛው የመስቀል ጦርነት ዘማቾች ቁስጥንጥንያን ወረው ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቷን አረከሱ፣ ከዚያም በከተማዋ ላቲናዊ ፓትርያርክ ተሾመባት። ከዚያ በኋላ የሮም የበላይነት በተነሣ ቁጥር የምሥራቁ ምእመን የሚያየው ይህንኑ ነበር።

ጳውሎስ 6ኛና የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አቴናጎራስ በጃንዋሪ 1964 በኢየሩሳሌም ተገናኙ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 7 ቀን 1965፣ የ1054ቱን ውግዘቶች ከመታሰቢያና ከቤተ ክርስቲያን መካከል ማስወገዳቸውን በጋራ አስታወቁ። ይህ እርምጃ ልዩነቱን እንደማይፈታ መግለጫው ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ታዲያ በሞቱ ሰዎች ላይ የተጣለን ውግዘት ማንሣት ምን ይጠቅማል? በአገራችን ሽምግልና በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ፊት ሲወድቅ የድንበሩ ነገር ገና አልተቆረጠም፤ መነጋገር የሚቻለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እዚህም የሆነው ይኸው ነው፤ ስለ እምነትና ስለ ሥልጣን የሚነጋገረው የካቶሊክና የኦርቶዶክስ የጋራ ኮሚሽን ሥራውን የጀመረው በ1980 ነው፣ ውግዘቱ ከተነሣ 15 ዓመት ቆይቶ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1995 ስለ አንድነት በጻፉት መልእክት ነገሩን ወደ ጴጥሮስ ራሱ መለሱት። በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ምዕራፍ በጎቹን እንዲጠብቅ የታዘዘው ሐዋርያ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው ሰው ነው፤ አደራውን የተቀበለውም ስለ ፍቅሩ ሦስት ጊዜ ከተጠየቀ በኋላ ነው። ይህን የዘነጋ ካቶሊክ ስለ ጴጥሮስ መንበር ባይከራከር ይሻላል። ጳጳሱ በዚሁ መልእክት ካቶሊኮች ላደረሱት በደል ይቅርታ ጠየቁ፤ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ሊቃውንትም የሮም ጳጳስ አገልግሎት በምን መልክ ቢፈጸም ሁሉም ሊቀበለው እንደሚችል አብረዋቸው እንዲመክሩ ጋበዙ። ሥልጣኑን አልተዉም። አጠቃቀሙን ግን ለምክክር አቀረቡ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሥልጣን ይቅርታን ሳይዝ ሲመጣ ምን እንደሚያደርስ በራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነትን ተቀበሉ፤ በ1626 በአደባባይ ለሮም መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ቀድመው የነበሩት ኢየሱሳዊ አባ ፔድሮ ፓኤዝ ትዕግሥተኛ ነበሩ። በ1625 ፓትርያርክ ሆነው የመጡት አልፎንሶ ሜንዴስ ግን ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሰንበትና ጾሙ በላቲኑ ሥርዐት እንዲሆን አዘዙ። እንደገና ተጠመቅ ማለት አባትህና አያትህ ክርስቲያን አልነበሩም ማለት ነው። ይህን የሚሸከም ቤተሰብ አይገኝም። ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ ራሳቸው የቀድሞውን እምነት በዐዋጅ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። በግእዝ ሥርዐት የምንቀድስ ካቶሊኮች ዛሬም በጥርጣሬ የምንታየው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። ጎረቤቶቻችን ለምን እንደሚጠራጠሩን መረዳት፣ ይህንንም ሳይከፋን መቀበል የእኛ ድርሻ ይመስለኛል።

የካቶሊክ ይቅርታ አጠያየቅ ላይ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በማርች 2000 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በመሩት የይቅርታ ሥርዐትም ሆነ በሜይ 2001 በአቴንስ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ በደሉ የተነገረው የቤተ ክርስቲያን ልጆች እንደ ፈጸሙት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስ አካል በመሆኗ ቅድስት ናት እንላለን፣ ኃጢአት የሚሠሩት አባሎቿ ናቸው። ነገር ግን ሜንዴስ ያን ሁሉ ያዘዙት በጳጳስ ተሹመው ነው፤ በ1204 የተያዘውን የፓትርያርክ መንበርም ሮም በኋላ አጽድቃዋለች። በሹመት ስም የተሠራ በደል የግለሰቦች ብቻ ነው ከተባለ፣ ተበዳዩ የሚመለከተው ሹመቱ ከተጠያቂነት ሲሸሽ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ቅድስና ሳንክድ፣ መንበሩ እንደ መንበር በድሏል ብለን መናገር እንችላለን፤ ጴጥሮስም የካደው ከሐዋርያት አንዱ ሆኖ ሳለ ነበር።

የሥልጣኑ ጥያቄ ገና አልተፈታም። የጋራ ኮሚሽኑ በ2007 በራቬና፣ ባልተከፋፈለችው ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የሮም ጳጳስ ቀዳሚ እንደነበሩ ተስማምቷል፤ ቀዳሚነቱ ምን ምን መብት እንደሚያስገኝ ግን አልተስማማም። የ1870ው የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ ጳጳሱ በመላዋ ቤተ ክርስቲያን ላይ ሙሉና ቀጥተኛ ሥልጣን አላቸው ብሏልና፣ ኦርቶዶክሳውያን ይህን ሊቀበሉት አይችሉም። በጁን 2024 ከቫቲካን የወጣው የጥናት ሰነድ ያ ድንጋጌ ዛሬ እንደገና እንዲተረጐም ወይም በአዲስ አገላለጽ እንዲቀርብ የቀረቡ ሐሳቦችን ይዟል። በዚያው ዓመት በማርች የግብጽ ኮፕቲክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ሮም ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ስለሚሰጥ ቡራኬ ባወጣችው መግለጫ የተነሣ ውይይቱን አቋርጣለች፤ የተቋረጠውም የእኛዋ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጭምር ከ2004 ጀምሮ የተወከለችበት የምሥራቅ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ውይይት ነው። ሮም ብቻዋን በወሰነችው ነገር ሌሎቹ የሚደነግጡት ገና እምነት ስላልጣሉባት ነው። ስለዚህ ሌሎችን የሚነካ ውሳኔ ከማውጣቷ በፊት የእነርሱን ሊቃውንት ማማከርን ልማድ ብታደርገው፣ በ1995 የቀረበው ግብዣ ከወረቀት ይወጣል።