ልጅን ለአፀደ ሕፃናት ስለ ማሰናዳት

መስከረም በጠባ ቁጥር በየአፀደ ሕፃናቱ በር ላይ አንድ ዐይነት ልቅሶ ይሰማል። ልጁ የእናቱን ቀሚስ ይዞ አልለቅም ይላል፤ እናት ታባብላለች፤ ዘበኛው ይስቃል፤ መምህርቷ ልጁን አቅፋ ወደ ውስጥ ትገባለች። ይህን ያላየ አንባቢ የለም። ነገር ግን ልቅሶው አንዱን ልጅ በሦስት ቀን ሲለቀው ሌላውን እስከ ኅዳር የሚያዘልቀው ስለ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኔ የቋንቋ ተማሪ እንጂ የሥነ ልቡና ተማሪ አይደለሁም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። የምኖረው ከታላቅ እኅቴ ጋራ ስለ ሆነ፣ ባለፈው ዓመት የአራት ዓመት ልጇን በመጀመሪያው ቀን ያደረስሁት እኔ ነበርሁ። የጧት ትምህርት ስለ ነበረኝ ቸኩያለሁ። ልጁ አንዲት ቀይ ኳስ አይቶ ልቡ ሲሰረቅ ጊዜ ሳልሰናበተው ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ብልኅነት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጁ በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በቤትም ሰው ከዐይኑ በራቀ ቁጥር ይጮህ ጀመር፤ እናቱ እንጀራ ልትጋግር ስትገባ እንኳ ተከትሏት ጭስ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በዚያች ጧት የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ለጥቂት ጊዜ ዘወር ካልሁ ሰው ጥሎኝ ይጠፋል የሚል ነው።

በእኛ አገር «ልጄ ለትምህርት ደርሷል» ሲባል ብዙ ጊዜ ፊደል ቈጠረ ማለት ነው። ወላጆች ክረምቱን ሙሉ 33ቱን ፊደል በሰባት በሰባት፣ በጠቅላላው 231ዱን፣ ያስጠኑታል፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ደግሞ ይጨምሩበታል። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶችም ልጁን ሲመዘግቡ ይህንኑ ስለሚጠይቁ በወላጅ ብቻ አይፈረድም። ነገር ግን ፊደልማ መምህርቷ የምታስተምረው ነው። ልጁ ከቤት ይዞት መሄድ የሚገባው እርሷ በአንድ ቀን ልትሰጠው የማትችለውን ነው።

አፀደ ሕፃናት የሚለው ስም ራሱ ይህን ያስታውሳል። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሮብል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ከተማ ለሕፃናት የጨዋታ ቤት ከከፈተ በኋላ፣ በ1840 «ኪንደርጋርተን» አለው፤ የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለት ነው። አትክልተኛ ደግሞ ችግኝን ሲያዛውር ከነአፈሩ ነው።

የቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት በአለንጋው ምክንያት አይወደስም። ሆኖም ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ወደ የኔታ ዘንድ የሚሄደው ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋራ ነበር፤ ፊደሉንም የሚያስቈጥረው ከእርሱ ከፍ ያለ ተማሪ ነበር። የዛሬው የከተማ ልጅ ግን ጧት ሰርቪስ ላይ ተጭኖ አንድም የሚያውቀው ፊት በሌለበት ክፍል ይወርዳል።

ሜሪ ኤንስወርዝ የተባለች የሥነ ልቡና ሊቅ በ1954 እና በ1955 (እንደ ፈረንጆች) በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች እየተዘዋወረች 26 እናቶችን ከጨቅላዎቻቸው ጋራ ተመልክታ ነበር፤ ጥናቷም በ1967 በመጽሐፍ ወጣ። ካስተዋለቻቸው ነገሮች አንዱ፣ በእናቱ የሚተማመን ሕፃን እርሷን እንደ ሰፈር አድርጎ ከእርሷ እየተነሣ አካባቢውን እንደሚመረምርና ተመልሶ እንደሚመጣ ነው። እርግጥ እነዚያ ገና የሚድሁ ነበሩ፤ የአራት ዓመት ልጅም ቢሆን ግን ራቅ ብሎ ለመሄድ የሚደፍረው መመለሻውን ሲያውቅ ነው።

እንግዲህ ሥራው በነሐሴ ይጀመራል። ልጁን በትምህርት ቤቱ መንገድ ማመላለስ፣ ከተፈቀደም ግቢውን፣ ይልቁንም መጸዳጃ ቤቱን ማሳየት ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ የሚውለው ቦታውን ስላላወቀ ወይም ለእንግዳ ሰው መናገር ስላፈረ ነው። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ወደሚያስተምር ክፍል ሲገባ፣ ከሀ ሁ በፊት «ሽንቴ መጣ»፣ «ውሃ ጠማኝ»፣ «አመመኝ» የሚሉትን ይማር። የምሳ ዕቃውን ክዳን ራሱ መክፈት፣ ጫማውን ራሱ ማጥለቅ ይለማመድ። እናት ለፍቅር ስትል ሁሉን ካደረገችለት፣ አርባ ልጅ ባለበት ክፍል ማንም አያደርግለትም።

በሌላ በኩል በየቤቱ የሚነገር አንድ ክፉ ቃል አለ፤ «ቈይ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ታያታለህ!» የሚለው ነው። መምህርቷን እንደ ጅብ ማስፈራሪያ አድርገን ከከረምን በኋላ በመስከረም «ሂድ፣ እቀፋት» ማለት ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ ወዲህ፣ «ዜሮ ክፍል» የሚባለው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቷል። ከክፍያ ነጻ ስለ ሆነ ለድኻ ልጅ በር ከፍቷል። ነገር ግን የ6 ዓመቱ ልጅ ግቢውን የሚጋራው ከትልልቆቹ ጋራ ስለ ሆነ፣ ቢያንስ አንድ የሰፈር ልጅ በእረፍት ሰዓት እንዲያየው አደራ ማለት ይበጃል።

የእኛን ልጅ ነገር ልጨርስ። መምህርቷ ጠርታ «እባክህ እየተሰናበትኸው ሂድ» አለችኝ። ልጅ ሰዓት አያውቅምና «ስድስት ሰዓት ላይ» ማለት ከንቱ ነው፤ ስለዚህ «መክሰስ ትበላላችሁ፣ ትጫወታላችሁ፣ መዝሙር ስትዘምሩ እመጣለሁ» አልሁት። የእናቱንም የነጠላ ቍራጭ በኪሱ አደረግንለት። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ልቅሶው ሹልክ ብዬ ከሄድሁበት ቀን የባሰ ነበር። እኔ ግን መዝሙሩ ሳያልቅ በር ላይ እገኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከፈተና ሮጬ ደርሻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እናቱ ብቻዋን መጋገር ቻለች። አሁን በር ላይ ሲደርስ «መዝሙር ላይ፣ እሺ?» ብሎኝ ይገባል። እኔ ነኝ በአጥር ቀዳዳ ለማየት የምቆመው፤ ዘበኛውም በዚህ ይቈጣኛል።