ባሴንጂ፦ የማይጮኸው የኮንጎ አዳኝ

ባሴንጂ ድምፅ የሌለው ውሻ ነው የሚለውን አትመኑ። ድምፅ አለው፤ ያውም ብዙ ዓይነት። ደስ ሲለው ከጉሮሮው የሚያወጣው ቅላጼ እልልታ የጀመረ ሰው ያስመስለዋል። ሲከፋው ያላዝናል፣ ሲቆጣ ያጉረመርማል፣ ብቻውን ተዘግቶበት ሲውል ደግሞ ጎረቤት የሚያስደነግጥ ጩኸት ይለቃል። የሌለው፣ ኮሽታ በሰማ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ «ው! ው!» እያለ የመጮኽ ልማድ ነው። አንዴ ወይም ሁለቴ ይልና ዝም ይላል።

ይህን በቁጥር ያሳዩት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። በሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ የአምስት ዝርያ ቡችሎችን ለዓመታት እያሳደጉ ጠባያቸውን አጠኑ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። በአንድ የ10 ደቂቃ ሙከራ ኮከር ስፓኒየል የተባለው ዝርያ እስከ 907 ጊዜ ሲጮኽ፣ ከባሴንጂዎቹ በጣም ጮኸ የተባለው 20 ጊዜ ብቻ ነበር። ሁለቱን አዳቅለው ያገኟቸው ቡችሎች ግን በጩኸት ወደ ኮከሩ አደሉ። ዝምታው እንግዲህ በሥልጠና የመጣ ሳይሆን ከዘር የሚወረስ ነው።

ሲያዩት ትንሽ ነው። ወንዱ እስከ ትከሻው 43 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 11 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ጆሮው የቆመ፣ ጠጉሩ አጭርና የሚያብረቀርቅ፣ ጅራቱ ወገቡ ላይ የተጠቀለለ ነው። ጆሮውን ቀጥ ሲያደርግ ግንባሩ ይሸበሸብና በሐሳብ የተዋጠ ይመስላል። ገላውን እየላሰ ያጸዳል፤ ያን የተለመደውን የውሻ ጠረን እሱ ላይ ብዙም አታገኙትም። ሴቷ ወንድ የምትፈልገው እንደ አብዛኞቹ ውሾች በዓመት ሁለቴ ሳይሆን አንዴ፣ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው። በዚህ የተነሣ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙዎቹ ቡችሎች የሚወለዱት በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው። በዓመት አንዴ ብቻ መራባቱ ባሴንጂን ከተኩላና ከአውስትራሊያው ዲንጎ ጋር ያመሳስለዋል።

ሥራው አደን ነው። አገሩ የኮንጎ ተፋሰስ ጫካና ከሰሜኑ ጋር የሚዋሰነው የሣር ምድር ሲሆን፣ የአዛንዴና የምቡቲ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አብረውት ሲያድኑ ኖረዋል። ሰዎቹ መረባቸውን ዘርግተው ያደፍጣሉ፤ ውሾቹ ሚዳቋውን ከቁጥቋጦ አስነሥተው ወደ መረቡ ይነዱታል። ሣሩ ከቁመቱ ሲበልጥበት ባሴንጂ ባለበት ሽቅብ እየዘለለ አውሬው ወዴት እንደሄደ ይቃኛል። የማይጮኽ ውሻ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ በቀላሉ ይጠፋልና አዳኞቹ ከእንጨት ወይም ከቅል የተሠራ ቃጭል አንገቱ ላይ ያስሩለታል። ከእ.ኤ.አ. 1868 እስከ 1871 በዚያ ምድር የተጓዘው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጌኦርግ ሽዋይንፉርት ይህን ውሻ ከነጥቅልል ጅራቱና ከነእንጨት ቃጭሉ ገልጾ ጽፏል።

ጥንታዊነቱን ለማስረዳት ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ግብፅ ነው። የዛሬ አራት ሺህ ዓመት ገደማ የነገሠው የዳግማዊ ኢንቴፍ የመቃብር ሐውልት ላይ ንጉሡ ከውሾቹ ጋር ተቀርጿል። በግብፅ ሥዕሎች ጆሮአቸው የቆመ፣ ጅራታቸው የተጠቀለለ አዳኝ ውሾች በብዛት ይታያሉ። መመሳሰል ግን ዝምድናን አያረጋግጥም፤ እኔ የማምነው የዘረመል ጥናቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በሳይንስ መጽሔት የወጣ የ85 ዝርያዎች ጥናት ባሴንጂን ከግንዱ ቀድመው ከተነጠሉት ጥቂት ቅርንጫፎች መካከል አስቀምጦታል። አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያዎች የተለዩት ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በአርቢዎች እጅ ነው። ይህን ውሻ ግን የቀረጸው ጫካው፣ አደኑና የመንደሩ ሰው ነው።

ወደ አውሮፓ ያደረገው ጉዞ የሞት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ላይ በክራፍትስ የውሻ ትርኢት የቀረቡት ጥንዶች ዲስቴምፐር በተባለው የውሾች በሽታ ወዲያው አለቁ። በ1923 ሌዲ ሄለን ነቲንግ ዛሬ በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን ካለችው ከማሪዲ ስድስት ውሾች ይዘው ለንደን ገቡ፤ ሁሉም የዚያኑ በሽታ መከላከያ ከተወጉ በኋላ ሞቱ። ዝርያው እንግሊዝ ውስጥ የበረከተው ኦሊቪያ በርን የተባሉ ሴት በ1930ዎቹ አጋማሽ ያመጧቸው ውሾች ከተረፉ በኋላ ነው። በ1937 በክራፍትስ ሲታዩ ሕዝቡ ተጋፍቶ ተመለከታቸው።

ብዙ ጽሑፎች የባሴንጂን ታሪክ «ተገኘ» ብለው ከዚህ ይጀምራሉ። ይህ ያሳዝነኛል። ውሻው ጠፍቶ አያውቅም፤ ባለቤቶችም ነበሩት። ጎበዙን አዳኝ ከሰነፉ እየለዩ ያኖሩት እነዚያ የመንደር ሰዎች ናቸው። በእኛም አገር «የሐበሻ ውሻ» እየተባለ የሚናቀው እንስሳ እንዲሁ በሰውና በአየር ጠባይ የተፈተነ መሆኑን ማን ልብ ብሎት ያውቃል?

የመንደሮቹ ውለታ የታየው በኋላ ነው። በውጭ አገር የተራባው ባሴንጂ የመጣው ከጥቂት ወላጆች ስለነበር የተደበቀ በሽታም አብሮት ተባዛ። መጀመሪያ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈርስ የደም ማነስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተሸካሚዎቹን የሚለይ ምርመራ ሲገኝ አርቢዎች እነዚያን ውሾች ከመራቢያ አስወጡ፤ በሽታው ቀነሰ፣ ጠባቡ የዘር ሐረግ ግን የባሰ ጠበበ። ከዚያ ፋንኮኒ የሚባለው የኩላሊት ሕመም ገነነ። ኩላሊቱ ወደ ደም መመለስ ያለበትን ስኳርና አሚኖ አሲድ በሽንት ያፈስሰዋል። ውሻው በአራት፣ በአምስት ዓመቱ ገደማ ውኃ እየደጋገመ ይጠጣል፣ ሽንቱ ይበዛል፣ ይከሳል። በደሙ ያለው ስኳር ልከኛ ሆኖ ሳለ ሽንቱ ውስጥ ስኳር ይገኛል። ካልታከመ ይገድላል።

መፍትሔው በከፊል ከላቦራቶሪ መጣ፤ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የዘረመል ምርመራ አቀረቡ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተውም ስሕተቱ ያለበትን ዘረመል ለዩ። ከዚያ በፊት ግን በ1987 እና በ1988 ጆን ከርቢና ማይክል ወርክን የመሰሉ አሜሪካውያን አርቢዎች ዛየር ትባል ወደነበረችው ኮንጎ ሄደው፣ ከመንደር መንደር እየዞሩ ከአዳኞች እጅ ቡችሎችን ይዘው ተመልሰዋል። እነዚህን ከነባሮቹ ጋር የማዳቀሉ ሐሳብ ብዙ አስከራክሯል። መንደር ለመንደር የተለቀመ ውሻ እንዴት ንጹሕ ዘር ሊባል ይችላል የሚሉ ነበሩ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በ1990 የተዘጋውን የዘር መዝገብ ለእነዚህ ውሾች ከፈተ፤ በኋላም ለሌሎች ደግሞ ከፍቶታል። በቀይ መደብ ላይ ጥቁር ሰንበር የተሰመረበት ጠጉር ቀድሞ በአሜሪካ ባሴንጂዎች ላይ አይታወቅም ነበር። ከእነዚህ ውሾች ጋር ገብቶ ዛሬ በየትርኢቱ ከቀዩና ከጥቁሩ እኩል ይዳኛል።