የካርቱም መንገድ በሞተር ሳይክል፤ የሚፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ

ከካይሮ ተነስቶ በየብስ ኬፕታውን ለመድረስ ያሰበ ሞተረኛ ለብዙ ዓመታት ካርቱምን ሳይረግጥ አያልፍም ነበር። ከዋዲ ሃልፋ ወደ ደቡብ ወርዶ ካርቱም ይገባል፤ ከዚያ በዋድ መዳኒና በገዳሪፍ አልፎ ገላባት ላይ ድንበሩን ይሻገራል፤ ከመተማ በጭልጋ በኩል ጎንደር ይወጣል። ተዋናዩ ኢዋን ማክግሪጎርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ጫፍ ተነስተው ወደ ኬፕታውን ሲሄዱ ሱዳንንና ኢትዮጵያን አቋርጠዋል። ካርቱም የደረሰ መንገደኛ ድንኳኑን ከሚተክልባቸው ቦታዎች አንዱ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለው የጀልባ ክለብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ኦምዱርማንን ሲወጋ ያዘመታት «መሊክ» የተባለች የጦር ጀልባም እዚያው ቆማ ነበር።

እኛ ዘንድ ሞተር ሳይክል ስሙ ከዕቃ ማድረስና ከቅሚያ ጋር ተያይዟል። ረጅም ጉዞ በሞተር ሲባል ለብዙው ሰው እብደት ነው፤ ጉዞው ካርቱም ከሆነ ደግሞ ራስን ለሞት መስጠት ይመስለዋል። ስለዚህ መንገድ የሚወራው ብዙ ነው፣ ከሚወራው ውስጥም ብዙው ስሕተት ነው። ክፋቱ፣ ስሕተቱ ሰውን ከጉዞው ከማስቀረት ይልቅ ከሄደ በኋላ ይጎዳዋል። መንገደኛው አሸዋና ሽፍታ ሲፈራ፣ የሚጥለው ሙቀት፣ ድካምና ጨለማ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 1፦ «ለካርቱም መንገድ የሚሆነው ለአሸዋ የተሠራ ሞተር ብቻ ነው»

እውነታው፦ ይህ አባባል በድሮው መንገድ ልክ ነበር። ጋዜጠኛው ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነስቶ ዓለምን መዞር ሲጀምር የያዘው 500 ሲሲ ትራያምፍ የአስፋልት ሞተር ነበር። ከአትባራ ወደ ከሰላ ባለው አሸዋ ላይ ደጋግሞ ወድቆ ደጋግሞ ተነስቷል፤ ከዚያ በገዳሪፍና በመተማ አድርጎ ጎንደር ገባ። መንጃ ፈቃዱን ያገኘው ከጉዞው ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ጉዞው አራት ዓመት ፈጅቶ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፈነ።

ከዚያ ወዲህ ከዋዲ ሃልፋ እስከ ካርቱም፣ ከካርቱም እስከ ገላባት፣ ከመተማ እስከ ጎንደር አስፋልት ተነጥፏል። ስፖርት ቱሪንግ የሚባሉት ሞተሮች የተሠሩት ለእንዲህ ያለ መንገድ ነው። እንደ ቢ.ኤም.ደብሊው አር 100 አር.ኤስ. (እ.ኤ.አ. 1976)፣ ሆንዳ ኤስ.ቲ. 1100 (1990) እና ያማሃ ኤፍ.ጄ.አር. 1300 (2001) ያሉት ጉልበታቸው ብዙ ነው፤ ፊታቸው ነፋስ በሚገፋ ሽፋን የተከለለ ነው፤ መቀመጫቸውም ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። ኤፍ.ጄ.አር. 25 ሊትር ቤንዚን ይይዛል፤ ሲሞላ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከካርቱም ገዳሪፍ ያለው ርቀትም ወደዚያው ስለሚጠጋ ዋድ መዳኒ ላይ ሳይሞሉ ማለፍ ሞኝነት ነው።

ችግሩ አስፋልቱ ሲቋረጥ ነው። ነፋስ አሸዋ አምጥቶ መንገድ ላይ ይከምራል፤ ጥገና ባለበት ቦታ ተለዋጭ መንገዱ ኮረት ነው። ወደ 290 ኪሎ የሚመዝን ሞተር እዚያ ከወደቀ፣ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ማንሳቱ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ስፖርት ቱሪንግ መንገዱን ይችለዋል፤ ሁለት ሆኖ መሄድ ግን ይመረጣል።

የተሳሳተ አመለካከት 2፦ «ሲሞቅ ጃኬት አውልቆ በነፋስ መቀዝቀዝ ነው»

እውነታው፦ ሕይወት የሚያሳጣው ስሕተት ይህ ነው። የቆዳችን ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ነው። አየሩ ከዚያ ሲያንስ ነፋስ ሙቀት ይወስድልናል፤ ሲበልጥ ግን ሙቀት ያመጣብናል። ካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ናት። በዚያ አየር ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በካናቴራ መሄድ፣ ከጋለ ምድጃ በር የሚወጣ ትኩሳት ፊት እንደ መቀመጥ ነው። ላቡም ሰውነትን በቅጡ ሳያቀዘቅዝ ገና ከመውጣቱ ይደርቃል፤ ሞተረኛው «አላላበኝም» እያለ ውኃው ያልቅበታል።

መፍትሔው መልበስ ነው። ካናቴራውን በውኃ ማራስ፣ ከላዩ ጃኬቱን መልበስ፣ የጃኬቱን የአየር መግቢያዎች በመጠኑ ብቻ መክፈት፤ ያን ጊዜ ውኃው ቀስ እያለ ይተንናል፣ ሰውነትም ይቀዘቅዛል። የሱዳን ሰው በዚያ ፀሐይ ሰፊ ጀላቢያ ለብሶ ራሱን በረጅም ጨርቅ የሚጠመጥመው ያለ ምክንያት አይደለም። ጃኬቱ ከመውደቅ አደጋ እንደሚያድንም መርሳት አይገባም።

የተሳሳተ አመለካከት 3፦ «በበረሃ ጎማ እንዳይፈነዳ ነፋሱን መቀነስ ያስፈልጋል»

እውነታው፦ ይህን ምክር ከሾፌርም ከጎሚስታም ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ጎማን የሚያግለው ዋናው ነገር በየዙሩ መታጠፉና መዘርጋቱ ነው፤ ነፋሱ ሲያንስ ደግሞ መታጠፉ ይብሳል። ሻንጣና ሰው የጫነ ሞተር በለሰለሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎማው ከውስጥ ይቃጠላል፤ የሚፈነዳውም ያኔ ነው።

የጎማ ነፋስ የሚለካው ጠዋት ከመነሳት በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ማለዳ በ25 ዲግሪ የተለካ ጎማ 45 ዲግሪ ሲደርስ ከ3 እስከ 4 ፒ.ኤስ.አይ. መጨመሩ አያስደነግጥም፤ አምራቹ ልኩን ሲያወጣ ይህን አስቦ ነው። ነፋስ የሚቀነሰው ልል አሸዋ ውስጥ በዝግታ ለመሄድ ብቻ ነው፤ አስፋልት ላይ ሲወጣ ወዲያው መሙላት ግድ ነው። ስለዚህ ትንሽ የእጅ መንፊያ ከመለዋወጫ ዕቃ ሁሉ ይቀድማል።

የተሳሳተ አመለካከት 4፦ «ውኃ እስከጠጣሁ ድረስ ምንም አልሆንም»

እውነታው፦ በዚያ ሙቀት ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያልበው ይችላል። ላቡ ውኃ ብቻ አይደለም፣ ጨውም ይዞ ይወጣል። ጨው ሳይተካ ውኃ ብቻ በላይ በላዩ ሲጨመር ደም ውስጥ ያለው ጨው ይሳሳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር ይከተላል። ፋርማሲ የሚሸጠው ኦ.አር.ኤስ. ርካሽና ቀላል መድኃኒት ነው፤ ጥቂት ከረጢት በኪስ መያዝ ይበቃል።

መንገዱ ራሱም ይረዳል። ሱዳናውያን ለአላፊ አግዳሚ ብለው በየመንገዱ ጥላ ሥር የሸክላ ጋን ያቆማሉ፤ ውኃው በጋኑ ላብ ይቀዘቅዛል። ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች፣ ከርከዴ፣ ዝንጅብል የገባበት የጀበና ቡና፣ ሁሉም ለማረፍ ምክንያት ናቸው። ሞተረኛው ንግግሩ ከተዛባ ወይም መሥመሩን መጠበቅ ካቃተው ግን ነገሩ ከቡና ያለፈ ነው። ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብቶ በውኃ ማራስና ማራገብ፣ ከዚያም ሐኪም ጋ ማድረስ ያሻል።

የተሳሳተ አመለካከት 5፦ «ሙቀቱን ለማምለጥ ሌሊት መጓዝ ይሻላል»

እውነታው፦ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ አደጋው ይጨምራል። በእነዚያ መንገዶች ማታ አህያና ግመል አስፋልት ላይ ይተኛሉ፤ የኋላ መብራት የሌለው የጭነት መኪና ይቆማል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ይጓዛል። እጅ ፍሬኑን እስኪይዝና ሞተሩ እስኪቆም፣ መብራቱ ከሚያሳየው ርቀት በላይ ሊሄድ ይችላል። ከመተማ ወደ ጎንደር ባለው ጠመዝማዛ ዳገት ደግሞ ከብት ወደ ቤቱ የሚነዳው አመሻሽ ላይ ነው።

ልምድ ያላቸው የሚያደርጉት ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ ቀትር ሳይጠነክር አብዛኛውን መንገድ መጨረስ፣ ቀትሩን ጥላ ውስጥ ማሳለፍ፣ ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያ መግባት ነው። ይህ በቀን የሚሸፈነውን ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። ይቀንስ!

የተሳሳተ አመለካከት 6፦ «ሀቡብ ሲመጣ መብራት አብርቶ በዝግታ መቀጠል ነው»

እውነታው፦ ሀቡብ ከዝናብ ደመና ሥር በኃይል የሚወርድ ቀዝቃዛ ነፋስ ከመሬት የሚያነሳው የአቧራ ግድግዳ ነው። ካርቱም ላይ የሚበዛው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው፤ ሲመጣ ከተማዋን በደቂቃዎች ያጨልማል። በዝግታ መቀጠል በጭፍን መንዳት ነው፤ ከመንገዱ ዳር መብራት አብርቶ የቆመ ሞተርም፣ ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር «መንገዱ በዚህ ነው» የሚል ምልክት ይሆናል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ይመጣበታል። ትክክለኛው ዘዴ ግድግዳው ከሩቅ እንደታየ ከአስፋልቱ ርቆ መውጣት፣ መብራቱን ማጥፋት፣ ከሞተሩ ወርዶ ፈቀቅ ማለት፣ አፍንጫና አፍ ሸፍኖ ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ መቀመጥ ነው። ካለፈ በኋላ የሞተሩን አየር ማጣሪያ ማራገፍ አይረሳም።

የተሳሳተ አመለካከት 7፦ «ኃይለኛ ሞተር ለዳገት አይበገርም»

እውነታው፦ ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ከላይ ሲደረስ የጎደለው ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። በኤሌክትሮኒክ የሚሠራው ሞተር ድብልቁን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን አየር ከየትም አያመጣም። ለ1300 ሲሲ ሞተር ይህ ኪሳራ ችግር አይሆንም፤ የጭነት መኪና ለመቅደም ግን ቆላ ላይ የተለመደው ስሌት ደጋ ላይ አይሠራም።

የተሳሳተ አመለካከት 8፦ «የባንክ ካርድና ፓስፖርት ካለ ወረቀት አያስቸግርም»

እውነታው፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የጣለችውን የንግድ ማዕቀብ ያነሳችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በእነዚያ ዓመታትና ከዚያም ወዲህ የውጭ ባንክ ካርድ ሱዳን ውስጥ ጥቅም አልነበረውም፤ መንገደኛው ዶላር በእጁ ይዞ ነበር የሚገባው። የገባ የውጭ ዜጋ በሦስት ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም የሆነ ሞተር ያለ ውክልና ድንበር አያልፍም።

የተሳሳተ አመለካከት 9፦ «ሱዳን ውስጥ ለመንገደኛ የሚያሰጋው ሕዝቡ ነው»

እውነታው፦ በ2015 ዓ.ም. ከተነሳው ጦርነት በፊት ያለፉ ሞተረኞች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት የሰዉን ደግነት ነው። በረመዳን ከካርቱም ወደ ዋድ መዳኒ ባለው አውራ ጎዳና፣ የገዚራ መንደር ሰዎች ፀሐይ ስትጠልቅ መንገዱን በአካላቸው ዘግተው መኪና ያስቆማሉ፤ መንገደኛውን አስወርደው ያስፈጥሩታል፣ ከዚያ በሰላም ይሸኙታል። ለማያውቅ ሞተረኛ መንገድ የዘጋ ሕዝብ ያስደነግጣል፤ ጉዳዩ ግን ግብዣ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 10፦ «ካርቱም ከተመለሰች መንገዱም ተከፍቷል»

እውነታው፦ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተጀመረው ውጊያ ካርቱምን አፈራረሳት። በጥድፊያ ከወጡት ብዙዎቹ፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በዚሁ በገዳሪፍና በመተማ መንገድ ነው የመጡት። ዋድ መዳኒ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች፤ ጦሩ ያስመለሳት በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር ደግሞ ካርቱምን መልሶ ያዘ። ከተማ መያዝ ግን መንገድ መክፈት አይደለም። ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ የሚቀረው በመንገድ ዳር ነው፤ ሀቡብ ሲመጣ ከአስፋልት ርቀህ ውጣ የሚለው ምክር እዚያ አሁን አይሠራም። ለወደቀ ሰው የሚደርስ ሐኪም ቤት ተጎድቷል። ከካርቱም በስተሰሜን አል ጃይሊ ያለው፣ በአንድ ወቅት ለኢትዮጵያ ጭምር ቤንዚን ይወጣበት የነበረው ማጣሪያም ከጉዳቱ አላመለጠም። ድንበሩን አልፎ ያለው የአማራ ክልል መንገድም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት አልተለየውም። ከካይሮ የሚመጡ ሞተረኞች አሁን ሱዳንን ሳይረግጡ ዞረው ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ በሳውዲ በኩል አድርገው ሞተራቸውን በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ያሻግራሉ።

እንግዲህ ለአንባቢ የምንለው ይህ ነው። ሰላም እስኪወርድ ወደ ካርቱም በሞተር አትሂዱ፤ ጀግንነት አይደለም። ከላይ የተዘረዘረው ትምህርት ግን አገር ውስጥም ይሠራል። ከአዋሽ በሚሌ ወደ ሰመራ የሚወስደው የአፋር አስፋልት ሙቀቱ ከካርቱም ብዙም አያንስም። እዚያ የምትወጡ ሞተረኞች ጃኬታችሁን አታውልቁ፣ ጎማችሁን ጠዋት ለኩ፣ ጨው ያዙ፣ ሳይጨልም ግቡ።