ከሥራ ከመልቀቅ በፊት፦ የአስተዳደር በደል የደረሰበት ሠራተኛ መብቶችና የጊዜ ገደቦች

በሐረር ጀጎል ውስጥ በጊደር መጋላ ሱቆች፣ በመኪና ግርግር የልብስ ስፌት ቤቶች እንዲሁም ከግንቡ ውጭ በሚገኙ ሆቴሎችና ድርጅቶች በርካታ ዜጎች ተቀጥረው ይሠራሉ። ከእነዚህ መካከል የቅርብ አለቃው የሚሰድበው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚከለከል ወይም ደመወዙ በየወሩ የሚዘገይበት ሠራተኛ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሠራተኛ አንድ ቀን ምሬቱ ሲበዛ ምንም ሳይናገር ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። በደል የተፈጸመበት እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በአወጣጡ ምክንያት ግን ሕግ የሚሰጠውን ክፍያ ሊያጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ከመልቀቁ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

ችግሩ የአነስተኛ ንግድ ቤቶች ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ታዋቂ የሆኑ የቪዲዮ ጌም አምራች ኩባንያዎች ሠራተኞችም ስለተራዘመ የሥራ ሰዓትና ስለ አለቆች አያያዝ ለዓመታት ቅሬታ ሲያሰሙ ቆይተዋል። መቀመጫውን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ያደረገው ራዮት ጌምስ በ2018 እ.ኤ.አ. በሴት ሠራተኞቹ የቀረበበት የጾታ አድልዎ ክስ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በ100 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጭቷል። ቅሬታው ወደ ክስ ባይለወጥ ኖሮ በሠራተኞች መካከል የሚነገር ምሬት ሆኖ በቀረ ነበር።

የጽሑፍ ውል የሌለው ሠራተኛ

የሥራ ውል በቃል መደረጉ ሠራተኛውን መብት አያሳጣውም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት። አሠሪው ይህን ባይፈጽምም ሠራተኛው በአዋጁ የተሰጡት መብቶች እንደተጠበቁ ይቆያሉ።

የሥራ ሰዓትና የትርፍ ሰዓት ክፍያ

መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በአዋጁ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ የሚፈቀድ ሲሆን፣ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ በመደበኛ ሰዓት 40 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ለአንድ የትርፍ ሰዓት የሚያገኘው ክፍያ እንደሚከተለው ነው፦

• ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፦ 60 ብር
• ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፦ 70 ብር
• በሳምንት የዕረፍት ቀን፦ 80 ብር
• በሕዝብ በዓል ቀን፦ 100 ብር

ሥራን ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ ሲፈልግ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ይህን ሳያደርግ የሚሄድ ሠራተኛ ከቀሪ ክፍያው ላይ ተቀናሽ የሚሆን፣ ከ30 ቀን ደመወዝ ያልበለጠ ካሳ ለአሠሪው እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል።

ሆኖም አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመ፣ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከተፈጸመ፣ ለሠራተኛው ደኅንነት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ወይም ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልተወጣ፣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ለአሠሪው በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ሁለተኛ፣ መብቱ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከተወገደበት ቀን አንሥቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት።

በዚህ መንገድ የለቀቀ ሠራተኛ ከሥራ ስንብት ክፍያ በተጨማሪ የቀን ደመወዙ በ30 ተባዝቶ ካሳ ይከፈለዋል። ምክንያቱ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከሆነ ስሌቱ በ90 ይባዛል።

አቤቱታ የሚቀርብበት አካልና የይርጋ ጊዜ

ሠራተኛው አቤቱታውን ለክልሉ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማቅረብ ይችላል። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ያለቅድሚያ ማስታወቂያ ወደ ሥራ ቦታው የመግባት ሥልጣን አለው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ከሥራ የመሰናበት ክርክሮች በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያሉ፤ ሠራተኛውም የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም።

ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው መጠየቅ ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል።

ስለዚህ በደል የደረሰበት ሠራተኛ የሠራባቸውን ሰዓታት፣ የድርጊቱን ቀንና የምስክሮችን ስም በዕለቱ መመዝገብ፣ ለአሠሪው የሚሰጠውን ደብዳቤ ቅጂ ማስቀመጥና መቀበሉን በፊርማ ማረጋገጥ፣ ከዚያም ጊዜ ሳያሳልፍ የሚመለከተውን አካል ማማከር ይጠበቅበታል።