ከቤንዚኑ ጋር ዘይት የሚጠጣው ሞተር

በወላይታ ያለው ሁምቦ ሳር የሚከበርበት ወረዳ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ ተበላ ናት፤ በአካባቢው የሚታየው ተራራ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከመጥረቢያና ከልቅ ግጦሽ ተጠብቆ፣ 2,728 ሄክታር መሬት ላይ በአብዛኛው ከቀሩ ጉቶዎች አቆጥቁጦ ደን ሆኗል። ደኑን የሚጠብቁት የገበሬ ማኅበራት ከብት አያስገቡበትም፤ ሳሩን አጭደው ተሸክመው ይወርዳሉ። በወላይታ ቤት ደጃፍም ሳር አለ፤ የዘመን መለወጫው በዓል ጊፋታ ሲቃረብ ግቢው ሲጸዳ እሱም ይከረከማል።

ማጭድ ነዳጅ አይጠይቅም። ሰፊ ግቢ ያላቸው ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሆቴሎች ግን ፊታቸውን በትከሻ ወደሚንጠለጠለው የሳር ማጨጃ ሞተር እያዞሩ ነው። ይህን ሞተር እወደዋለሁ። ቫልቭ የለውም፤ የዘይት ቋት የለውም፤ ከውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነገር በጣት የሚቆጠር ነው። አፋፍ ላይ ቢያዘነብሉት፣ ቦይ ውስጥ ቢያጋድሙት ሥራውን አያቋርጥም። በደቂቃ እስከ 10,000 ጊዜ ገደማ እየዞረ ማጭድ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ሜዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል። ሰው ግን «ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ» እያለ ያማዋል። ሞተው ካየኋቸው ውስጥ በርካቶቹን የገደላቸው ከተሳሳተ ጀሪካን የተቀዳ ነዳጅ ነው።

ሞተሩን መለየት ቀላል ነው። የነዳጅና የዘይት ክዳኑ ለየብቻ ከሆነ ፎር ስትሮክ ነው፤ የመስኖ ፓምፑ፣ ጀነሬተሩና በጎማ የሚገፋው የሳር ማሽን በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። አንድ ክዳን ብቻ ካለውና ክዳኑ ላይ የነዳጅና የዘይት ምልክት ወይም 1:25፣ 1:50 የሚል ቁጥር ካለበት ቱ ስትሮክ ነው፤ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይገባለታል።

ለምን እንደሚቀላቀል የሚያስረዳ ሰው ግን ብዙም አይገኝም፤ ጥፋቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። በፎር ስትሮክ ሞተር ዘይቱ ከታች በቋቱ ተቀምጦ ብረቱን ያረጥባል፤ ቤንዚኑ ደግሞ ከላይ ገብቶ ይቃጠላል። ሁለቱ አይገናኙም። በቱ ስትሮክ ግን ቤንዚኑና አየሩ አስቀድመው የሚገቡት ከፒስተኑ ሥር ነው። እዚያ ክራንኩንና ኩሽኔታዎቹን አጥበው፣ በጎን ባለው ቀዳዳ ወደ ላይ ወጥተው ይቃጠላሉ። ሞተሩ በዕድሜው ሙሉ የሚያገኘው ዘይት በዚያ ጉዞ ከቤንዚኑ ጋር የሚያልፈው ብቻ ነው። ሌላ ምንጭ የለውም።

ስለዚህ «ነዳጅ ቢሳሳት ያው አንድ ነው» የሚለውን አባባል አልቀበልም። ሁለቱ ስህተቶች ፈጽሞ እኩል አይደሉም። ዘይት የተቀላቀለበትን ቤንዚን ወደ መስኖ ፓምፑ ብትጨምሩ ፓምፑ ያጨሳል፣ ካንዴላው ሊጠቁር ይችላል። ነዳጁን ቀድታችሁ አውጡ፣ ካንዴላውን ጥረጉ፣ በንጹሕ ቤንዚን አስነሡት፤ ነገሩ አበቃ። ንጹሕ ቤንዚን ወደ ማጨጃው ብትጨምሩ ግን ሞተሩ አያኮርፍም፤ እንዲያውም በደንብ ይነሣል። ጭሱ ይጠፋል፣ ድምፁ ይጠራል፣ የሚያጭደውም ሰው ደስ ይለዋል። በዚህ መሐል ቤንዚኑ ሲሊንደሩ ላይ የቀረችውን የዘይት ርጥበት እያጠበ ይወስዳል። ፒስተኑ ይግላል፣ ይሰፋል፣ ግድግዳውን መፋቅ ይጀምራል። ጉልበቱ ድንገት ይወርዳል፤ ከዚያ ይቆማል። ገመዱን ቢስቡት አይመጣም። ለዚህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

እዚያው ተበላ ውስጥ በአንድ ግቢ እንዲህ የቆመ ማሽን አይቻለሁ። የግቢው ሠራተኛ ወጣት «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ጭሱም ቀርቶለት ጥሩ እየሠራ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥሩ መስሎ የሠራው ዘይት ስላልነበረው ነው። ማርሚታውን ፈትተን በጭስ መውጫው ስናይ የፒስተኑ ጎን ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል። ወደዚያ በኩል ያለው የሲሊንደር ክፍል ይበልጥ ስለሚግል ጭረቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በዚህ ጎን ነው። ፒስተን፣ ፋሻና ሲሊንደር መቀየር ደግሞ በአነስተኛ ማሽን ላይ አዲስ ከመግዛት ብዙም አይርቅም። ወጣቱን አልወቅሰውም። ሁለት ሃይላንድ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱም ላይ ምንም አልተጻፈም። ተጠያቂው እንዲያ አድርጎ ያስቀመጣቸው ነው።

ግራ የሚያጋባ ሌላም ነገር አለ። የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ለዓመታት የነዷት ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ብስክሌትም ቱ ስትሮክ ናት፤ ነገር ግን ከማደያ ቤንዚን ብቻ ነው የምትሞላው። «የኔዋ መች ይቀላቀልላታል?» የሚሉኝ አሉ። መልሱ አጭር ነው፤ ለዘይቷ የራሷ ሳጥን አላት፣ ትንሽ ፓምፕም እየመጠነች ታደርስላታለች። ያማሃ ይህን ዘዴ በሞተር ብስክሌቶቹ ላይ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። የሳር ማጨጃው ግን እንዲህ ያለ ፓምፕ የለውም፤ የሚመጥንለት የእናንተ እጅ ነው።

መጠኑ ማሽኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል። 1:50 ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። 1:25 ከሆነ ዘይቱ እጥፍ ነው፤ 40 እና 200 ሚሊ ሊትር። በቆርኪና በሲኒ የምትመጥኑ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ከመድኃኒት ቤት የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙና ለዚሁ ብቻ አስቀምጡት። ግማሹን ቤንዚን ቅዱ፣ ዘይቱን ጨምሩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ በጥብቅ ናጡ፣ የቀረውን ጨምራችሁ እንደገና ናጡ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትጨምሩ፤ የሞተሩን የውስጥ መንገድ በጥላሸት ይደፍናል። ዘይት ከልኩ በላይ ማብዛትም ማርሚታውን ይዘጋል።

አሁን ወደ ጀሪካኑ። በሌላ አገር ቀይ ጀሪካን ለቤንዚን፣ ቢጫ ለናፍጣ፣ ሰማያዊ ለነጭ ጋዝ የሚል ልማድ አለ። እኛ ዘንድ ቢጫው ጀሪካን የምግብ ዘይት የመጣበት ነው፤ ዘይቱ ሲያልቅ ውኃ ይቀዳበታል፣ ከዚያ ናፍጣ፣ ከዚያ ቤንዚን። በቀለም መተማመን አይቻልም። በእስክሪብቶና በማርከር መጻፍም አያዛልቅም፤ ቤንዚን ሲፈስበት ቀለሙ ይለቅቃል። እኔ የምመክረው ቋጠሮ ነው። ዘይት የተቀላቀለበት ጀሪካን እጀታ ላይ ወፍራም ሽቦ ጠምጥሙ ወይም የቀይ ጨርቅ ቁራጭ አጥብቃችሁ እሰሩ። በዚያው ሽቦ ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጠች ሰሌዳ አንጠልጥሉና መጠኑንና የተቀላቀለበትን ቀን በምስማር ጫሩባት። ማንበብ የማይችል ዘበኛም ቋጠሮውን ያውቀዋል፤ መብራት በጠፋበት ማታም በእጅ ይዳሰሳል።

ሃይላንድን ጨርሶ ተዉት። ውኃ የሚጠጣበት ጠርሙስ ውስጥ ቤንዚን ያለበት ቤት፣ ከሞተሩ በፊት ሕፃኑን ለአደጋ ያጋልጣል። በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ የሚጠየቅበት፣ ነዳጅም የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ መንገድ ዳር በጠርሙስ የተሸጠ ነዳጅ ግን ከምን ጋር እንደተዋሐደ ምንም ማረጋገጫ የለውም።

የተጠራጠራችሁትን ነዳጅ በነጭ ወረቀት ፈትኑ። ከእሳት ርቃችሁ አንድ ጠብታ ጣሉና ጠብቁ። ንጹሕ ቤንዚን በኖ ይጠፋል። ዘይት ያለበት የቅባት ክብ ይተዋል። ናፍጣም እንዲሁ ቅባት ይተዋል፤ ጠብታው ግን ሳይበን ረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ሽታውም ይለያል። የቱ ስትሮክ ዘይቶች ብዙዎቹ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም የሚጨመርባቸው ውሁዱ በዐይን እንዲለይ ነው፤ ይህ ቀለም ሲደበዝዝ በወረቀቱ መተማመን ይሻላል።

ናፍጣ ወደ ቤንዚን ሞተር ከገባ ሞተሩ አይነሣም ወይም አጭሶ ይጠፋል፤ ሰልባትዮውንና ካርቡሬተሩን ማጠብ ነው። ወደ አባያ ሐይቅ ባለው ቆላ በሚሠሩ የናፍጣ ፓምፖች ላይ ግን ተቃራኒው ይከፋል። ናፍጣ የራሱን የነዳጅ ፖምፓ ያለሰልሳል፤ ቤንዚን ግን ያደርቀዋል።

የተቀላቀለ ነዳጅ ከአንድ ወር በላይ አታቆዩ። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ከሆነማ ይብስ፤ ኢታኖል ውኃ ይስባል፣ ውኃው ሲበዛም ተያይዘው ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ሞተሩ ከሥር የሚመጥጠው ያንን ዘይት የሌለውን ክፍል ነው። ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ቀላቅሉ።

ማሽን የምትገዙ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ከማሽኑ ጋር ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ሲሪንጅና አንድ ክንድ ሽቦ አብራችሁ ግዙ። ለሚያጭደውም ሰው ዘይቱ ለምን እንደሚቀላቀል በቃል አስረዱት እንጂ «ይህን ጨምር» ብላችሁ አትለፉ። ምልክት የሌለው ጀሪካን ወደ ሞተሩ አይጠጋ።