እንዶድና ላሎብ እንደ ሳሙና

ከካርቱም በስተ ደቡብ የሚገኘው የጀዚራ እርሻ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. የሰናር ግድብ ተሠርቶ ውሃ ካገኘ ወዲህ በጥጥ ምርት ስሙ ተጠራ። ዳሩ ግን የቦዮቹ ውሃ ቀንድ አውጣን፣ ቀንድ አውጣውም የቢልሃርዚያን ትል ስለሚያሳድግ፣ ውሃው በረከትንና ደዌን ባንድነት አመጣ።

በ1933 ዓ.ም. በሱዳን ያገለገሉት ሐኪም አርችባልድ የሂጅሊጅ ዛፍ ፍሬ ይህን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንደሚረዳ ጻፉ። ሂጅሊጅ በአማርኛ በደኖ የሚባለው ነው፤ ፍሬውን ላሎብ ይሉታል፣ ልጆችም እንደ ከረሜላ ይመጡታል። ቅርፊቱና ሥሩ ልብስ ያጥባል። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ልብስ የሚያጥበው ነገር ቀንድ አውጣን ስለ ምን ይገድላል?

ውሃና ቅባት አይዋሐዱም። የውሃ ሞለኪውል ባንድ ወገኑ አሉታዊ፣ በሌላው አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላለው መሰሉን ይስባል፤ ቅባት ይህ ጠባይ የለውምና ይገለላል። ሳሙና ግን አማላጅ ነው፤ ራሱ ውሃን፣ ረጅም ጅራቱ ቅባትን ይወዳል። ጅራቶቹ እድፉ ውስጥ ሲሰኩ ራሶቹ በውጭ ይቀራሉ፤ ቅባቱም እንደ ጥቃቅን እንክብል ተከቦ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

በእንዶድና በላሎብ ውስጥ ያለው ሳፖኒንም እንዲሁ ነው፤ ስኳር የሆነው ወገኑ ወደ ውሃ፣ የቀረው ወደ ቅባት ያዘነብላል። የእንስሳ ሕዋስ ሽፋን ደግሞ በአብዛኛው ቅባት ነው። ስለዚህ ሳፖኒኑ ሽፋኑን ሰርስሮ ይበሳዋል፤ ቀንድ አውጣውም ይሞታል። እድፍን የሚያነሣው ጠባይና ነፍስን የሚያጠፋው ጠባይ አንድ መሆኑ እኔን ዘወትር ይደንቀኛል።

ነገር ግን ሳፖኒን ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ የዓሣን ስንጥብም ይጎዳል። በላሎብ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ይህን ሳይማሩ ያውቁታል። ስለሆነም ዓሣ በሚረባበት ኩሬ እንዶድ መጨመር አይገባም። በቦይ ለመጠቀም ያሰበ አስቀድሞ የጤናና የእርሻ ሹማምንትን ያማክር። የሚመረጠውም ፍሬ ሳይቀላ፣ አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ የደረቀው ነው፤ በውሃ ውስጥም ፈጥኖ ስለሚፈርስ፣ አንድ ጊዜ ጨምሮ መተው አይበቃም።